የወተት ጥርስ ምንድን ነው? «ይወድቃል» የሚለው መልስ ለምን አይበቃም?

ሰሞኑን አንድ ሰው «የወተት ጥርስ ማስሞላት ገንዘብ መጣል ነው፤ ለሚወድቅ ጥርስ ማን ይደክማል?» ሲል ሰማሁ። ያዳመጡት ሁሉ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ይህንን የምሰማው ጉንጩ አብጦ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ይዘው ከሚመጡ ወላጆች ነው። ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እርግጥ ነው፣ የወተት ጥርስ፣ ማለትም ልጅ መጀመሪያ የሚያበቅለው ጥርስ፣ ይወድቃል። ግን መቼ? የፊቶቹ 6 ዓመት ገደማ ላይ መነቃነቅ ይጀምራሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። የ4 ዓመት ልጅ መንጋጋው ከተቦረቦረ ገና ብዙ ዓመት ሊያኝክበት ነው። የወተት ጥርስ ኢናሜል (ጠንካራው የውጭ ሽፋን) ደግሞ ስስ ነው። ዛሬ ትንሽ ጥቁር ነጥብ የነበረው ሳይቆይ ነርቩ ጋ ይደርሳል።

የወተት ጥርስን ወረፋ እንደሚይዝልን ሰው አስቡት። የሚተካው ቋሚ ጥርስ እስኪደርስ ቦታውን ይጠብቃል። ጊዜው ሳይደርስ ከሄደ ከኋላ ያለው ይጠጋል። በተለይ የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ሲነቀል ከጀርባው ያለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ይገፋል። ባለተራው ሲመጣ መግቢያ ያጣል። ወይ ተጣሞ ይበቅላል፣ ወይ አጥንት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ደግሞም ባለተራው ሩቅ አይደለም፣ ከወረፋ ያዡ እግር ሥር ነው ያለው። ላይ ያለው መግል ከያዘ፣ ሥር በማደግ ላይ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል።

ሁሉም ወረፋ ያዥ ግን እኩል አይደለም። የፊት የወተት ጥርስ ቀድሞ ቢወጣ ቦታው ብዙ ጊዜ አይጠብም። ሊወድቅ ጥቂት ወራት የቀረውን እኛም ሳንነካው የምንተውበት ጊዜ አለ። መግል የያዘውን ደግሞ መንቀል ግድ ሊሆን ይችላል። ያኔ እንደ ሁኔታው ቦታ ጠባቂ ሽቦ እናስራለን። ይህን የሚወስነው ምርመራና ራጅ ነው። «ይወድቃል» በሚል አንድ ቃል አይዘጋም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን 6 ዓመት ገደማ ላይ የሚበቅለው መንጋጋ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ከሁሉም ኋላ ብቅ ስለሚል ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። «ይወድቃል» ተብሎ ይተዋል፣ ይበሰብሳል። እሱ ግን ቋሚ ነው፤ ተተኪ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል፣ ቢዘገይ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ልጁን የልጆች ጥርስ ሐኪም ይየው። እስኪያመው አትጠብቁ። ጥርሱን ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን ሁለቴ ቦርሹለት፤ እስከ 3 ዓመቱ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። እስከ 7 እና 8 ዓመቱ እጃችሁ አይለየው። ጡጦ አፉ ውስጥ ሆኖ እንቅልፍ አይውሰደው።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። ልጅ ወድቆ የወተት ጥርሱ ቢወልቅ መልሳችሁ አትትከሉት፤ ሥር ያለውን ባለተራ ይጎዳል። የወለቀው ቋሚ ከሆነ ግን ሥሩን ሳትነኩ ወዲያው ቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁም ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ይዛችሁት ኑ፣ እኛ እንለየዋለን።