የጉዞ የቃላት ፕሮብሌም ምንድን ነው?

የጉዞ የቃላት ፕሮብሌም የሚባለው የአንድ ወይም የብዙ ተጓዦችን ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ በቃላት ተርኮ፣ ከእነዚህ መጠኖች መካከል ያልታወቀውን አስልተን እንድናገኝ የሚጠይቅ የአልጀብራ ጥያቄ ነው። ተጓዡ መኪና፣ ባቡር፣ ጀልባ ወይም እግረኛ ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱን ግን አይለውጠውም። ርቀትን በ«ር»፣ ፍጥነትን በ«ፍ»፣ ጊዜን በ«ጊ» ብንወክል የሦስቱ ግንኙነት ር = ፍ × ጊ ይሆናል፤ ከዚሁ ቀመር ፍ = ር ÷ ጊ እና ጊ = ር ÷ ፍ ይገኛሉ። ቀመሩ የሚሠራው ፍጥነቱ በጉዞው ሁሉ ሳይለዋወጥ ሲቀጥል ወይም «ፍጥነት» የተባለው አማካይ ፍጥነት ሲሆን ነው።

ይህን ቀመር በቃሉ የማይዝ ተማሪ እምብዛም የለም፤ ቀመሩን እያወቀ ጥያቄው ላይ ሲደርስ የሚቆመው ግን ብዙ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት፣ ቀመሩ የሚነግረን የአንድ ጉዞ ሦስት መጠኖች እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ብቻ መሆኑ ነው። ጥያቄው የሚፈታበት የእኩልነት ዓረፍተ ነገር የሚገኘው ከቀመሩ ሳይሆን ከታሪኩ ነው። ስለዚህ ፊደል ከመምረጥና ቁጥር ከመደርደር በፊት «በዚህ ታሪክ ውስጥ ከምን ጋር እኩል የሆነው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱ ተጓዦች የሄዱት ርቀት እኩል ነው? የፈጀባቸው ጊዜ እኩል ነው? ወይስ የሁለቱ ርቀት ሲደመር የታወቀ መጠን ይሰጣል? የዚህ ጥያቄ መልስ ሲታወቅ የቀረው ተራ ስሌት ነው።

ቀላሉ ዓይነት ተጓዦች ከሁለት ጫፍ ተነስተው የሚገናኙበት ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ከተራራቁ ሁለት ቦታዎች ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ይጓዛሉ እንበል፤ የመጀመሪያው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነስቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እዚህ ላይ ርቀቶቹ እኩል አይደሉም፤ ጊዜዎቹም እኩል አይደሉም። እኩልነቱ ያለው በድምሩ ነው፤ መኪኖቹ በሚገናኙበት ቅጽበት ሁለቱ የሸፈኑት መንገድ ሲደመር 500 ኪሎ ሜትር ይሞላል። የመጀመሪያው መኪና የተጓዘበትን ሰዓት «ሀ» ብንለው 80ሀ + 60(ሀ − 1) = 500 ይሆናል፤ ሲፈታም ሀ = 4 ነው። የመጀመሪያው መኪና በ4 ሰዓት 320፣ ሁለተኛው በ3 ሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሄደዋል።

ብዙ ስህተት የሚሠራው አንዱ ሌላውን ተከትሎ በሚደርስበት ጥያቄ ላይ ነው። አንድ የጭነት መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ጉዞ ይጀምራል፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ሌላ መኪና ከዚያው ቦታ ተነስቶ በዚያው መንገድ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይከተለዋል፤ ተከታዩ ከስንት ሰዓት ጉዞ በኋላ ይደርስበታል? የተነሱበት ቦታ አንድ ነው፤ የተገናኙበትም ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ በሚደራረሱበት ጊዜ የሄዱት ርቀት የግድ እኩል ነው። የተከታዩን ሰዓት «ሀ» ካልን፣ የጭነት መኪናው ቀድሞ ስለ ተነሳ ብዙ ሰዓት የተጓዘው እሱ ነውና ጊዜው ሀ + 2 ይሆናል። 60(ሀ + 2) = 90ሀ፤ ስለዚህ ሀ = 4፣ ርቀቱም 360 ኪሎ ሜትር ነው። «ሀ» የጭነት መኪናውን ሰዓት እንዲወክል ብንመርጥ ኖሮ እኩልነቱ 60ሀ = 90(ሀ − 2) ሆኖ ሀ = 6 ይወጣ ነበር፤ ታሪኩ ግን ያው ነው፣ ርቀቱም ያው 360 ነው። መደመሩን ወይም መቀነሱን የሚወስነው ፊደሉ የማንን ጊዜ እንደሚወክል ነውና፣ «ሀ = ተከታዩ መኪና የተጓዘበት ሰዓት» ብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጊዜ ማባከን አይደለም። ሁለቱን ሰዓት ለማይገባው መኪና የጨመረ ሰው 60ሀ = 90(ሀ + 2) ብሎ ይጽፍና ሀ = −6 ያገኛል። በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት ሲመጣ ምልክቱን ሰርዞ 6 ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም፤ የቀደመውንና የተከተለውን አቀያይረን መጻፋችንን የሚጠቁም ነውና ወደ ታሪኩ መመለስ ያስፈልጋል።

ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ማየት ይቻላል። ተከታዩ በሚነሳበት ጊዜ የጭነት መኪናው በ120 ኪሎ ሜትር ቀድሞታል፤ ተከታዩ በፍጥነት የሚበልጠው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ በ120 ÷ 30 = 4 ሰዓት ይዘጋል። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በ8ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩዊን አዘጋጅቶታል በሚባለው የጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ፣ አንድ ውሻ በ150 ጫማ የቀደመችውን ጥንቸል ያሳድዳል፤ ጥንቸሏ በአንድ ዝላይ 7 ጫማ ስትሄድ ውሻው 9 ጫማ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ዝላይ ክፍተቱ በ2 ጫማ ስለሚጠብ ውሻው በ75 ዝላይ ይደርስባታል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሰዓት ፈጽሞ አልተጠቀሰም፤ ዝላዩ ራሱ የጊዜ መለኪያ ሆኗል።

ሦስተኛው ዓይነት የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። አንድ ሰው ሲሄድ በሰዓት 60፣ ሲመለስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በድምሩ 5 ሰዓት ቢፈጅበት፣ የአንድ ወገን ርቀቱ ስንት ነው? ርቀቱን «ሀ» ካልነው የታወቀው የጊዜ ድምር ነውና ሀ ÷ 60 + ሀ ÷ 40 = 5፤ መልሱም 120 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን የጉዞውን አማካይ ፍጥነት እንፈልግ። ብዙ ሰው 60 እና 40ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 50 ይላል። ነገር ግን አማካይ ፍጥነት ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል ነው፤ 240 ÷ 5 = 48 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ሰውየው በፈጣኑ ፍጥነት የቆየው 2 ሰዓት፣ በዝግተኛው የቆየው ግን 3 ሰዓት በመሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የሄደ ሰው የደርሶ መልሱን አማካይ ፍጥነት 60 ለማድረስ ሲመለስ በስንት መጓዝ አለበት ቢባል፣ «በ90» የሚለው መልስ ስህተት ነው። 120 ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በ60 ለመሸፈን የሚፈቀደው ጊዜ 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ 2 ሰዓቱ ደግሞ በመሄጃው አልቋል። በየትኛውም ፍጥነት ቢመለስ አይሳካለትም።

በወንዝ ላይ የሚጓዝ ጀልባ ሲመጣ ያልታወቁት መጠኖች ሁለት ይሆናሉ። ጀልባው 36 ኪሎ ሜትሩን ከወንዙ ፍሰት ጋር በ2 ሰዓት፣ ከፍሰቱ ተቃራኒ በ3 ሰዓት ቢጓዝ፣ የጀልባውና የፍሰቱ ፍጥነት ድምር 36 ÷ 2 = 18፣ ልዩነታቸው 36 ÷ 3 = 12 ነው፤ ስለዚህ የጀልባው 15፣ የፍሰቱ 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። በነፋስ ውስጥ የሚበር አውሮፕላንም በዚሁ ስልት ይሠራል።

አንድ የሚያሳዝን የስህተት ምንጭ የመለኪያ አሃድ ነው፤ እኩልነቱን በትክክል የመሠረተ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃልና። ፍጥነቱ በሰዓት ከተሰጠ 20 ደቂቃ 0.20 ሰዓት ሳይሆን የሰዓት ሲሶ ነው፤ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃም 1.5 እንጂ 1.30 አይደለም። በሰከንድ 1 ሜትር በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በሰከንድ 20 ሜትር የሚሄድ ባቡር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

የተገኘውን መልስ የምናረጋግጠው በጻፍነው እኩልነት ውስጥ መልሰን በመተካት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ እኩልነቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ መልሱ ከስህተቱ ጋር ይስማማልና። −6 እንኳ በተሳሳተው እኩልነት ውስጥ ሲገባ በሁለቱም ወገን −360 ይሰጣል። ማረጋገጫው በታሪኩ ላይ ነው የሚደረገው፤ የጭነት መኪናው በ6 ሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ከ2 ሰዓት በኋላ የተነሳውም በ4 ሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ስለዚህ በእርግጥ ተገናኝተዋል።