ቬር ሳክሩም፦ የቪየናው መጽሔትና የፊደል ጥበቡ

ቬር ሳክሩም ከ1898 እስከ 1903 በኦስትሪያ የወጣ የሥነ ጥበብ መጽሔት ነው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በላቲን «የተቀደሰ ጸደይ» ማለት ነው። ባለቤቱ ሴሴሽን የተባለው የቪየና ሠዓልያን፣ ቀራፂዎችና አርክቴክቶች ማኅበር ነበር። ዕድሜው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ የግራፊክ ዲዛይንን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዘሎት አያልፍም። ጽሑፎቹን ዛሬ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ጥቂት ነው። ገጾቹን ግን ዲዛይነሮች አሁንም ያገላብጧቸዋል።

ማኅበሩ የተወለደው ከኩርፊያ ነው። ያኔ ቪየና ውስጥ ሥዕሉን ለሕዝብ ማሳየት የፈለገ ሰው ኩንስትለርሃውስ የሚባለውን አንጋፋ ማኅበር ደጅ ይጠና ነበር። አዳራሹ የእነሱ፣ መራጮቹም እነሱ። ወጣቶቹን ይህ አንገፈገፋቸው። በ1897 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። ሊቀ መንበሩ ሠዓሊው ጉስታቭ ክሊምት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አርክቴክቱ ዮሴፍ ማሪያ ኦልብሪሽ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሠራላቸው። አናቱ ላይ በወርቅ የተቀቡ ቅጠሎች የተጠላለፉበት ክብ ጉልላት አለ። የከተማው ሰው «ጥቅል ጎመን» እያለ ቀለደበት። የመጽሔቱ ስም ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ እስከ ዛሬም አለ።

መጽሔቱ ግን ከአዳራሹ ቀድሞ ነው የደረሰው። የመጀመሪያው ቁጥር በጥር 1898 ወጣ። ሽፋኑ የአልፍሬድ ሮለር ሥራ ነው። በእንጨት ገንዳ ውስጥ የተተከለ ዛፍ ይታያል። ሥሩ ገንዳው ጠቦት ሳንቃውን ፈልቅቆ ወጥቷል። ቅርንጫፎቹ መሃል ሦስት ባዶ ጋሻዎች አሉ፤ ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርፅንና አርክቴክቸርን ይወክላሉ። መልእክቱ ግልጽ ነው። እንዲያውም ትንሽ በዝቶ ግልጽ ሆኗል። የሚገርመው ግን በሥዕሉና በርዕሱ መካከል ድንበር አለመኖሩ ነው። ርዕሱም እንደ ዛፉ በእጅ የተሣለ ነው፤ ያው እጅ፣ ያው መስመር።

ውስጡ ሲገለጥም ነገሩ ለየት ይላል። በዚያን ጊዜ የጀርመንኛ መጻሕፍትና ጋዜጦች በብዛት የሚታተሙት ፍራክቱር በሚባል ማዕዘናማና ጥቅጥቅ ባለ ፊደል ነበር። ቬር ሳክሩም የሮማውን፣ ማለትም ዛሬ እንግሊዝኛ የሚጻፍበትን ፊደል መረጠ። ገጹም ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎኑ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋ ነበር። ካሬ ገጽ ለአዘጋጅ ፈተና ነው። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ከሞሉት መስመሩ ይረዝማል፣ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ጽሑፉን ሰብሰብ አድርገው ሰፊ ህዳግ ተዉለት። ብዙ ማተሚያ ቤት ባዶ ወረቀትን እንደ ብክነት በሚያይበት ዘመን እነሱ ባዶውን ቦታ ራሱን የዲዛይኑ አካል አደረጉት።

በመጋቢት 1898 የወጣውን የክሊምትን «ራቁቷን ያለች እውነት» እንይ። ሥዕሉ ጠባብና ቁመቱ የረዘመ ነው። ራቁቷን የቆመች ሴት ወደ አንባቢው መስታወት ታዞራለች። ከአናቷ በላይ እውነት እሳት እንደሆነች የሚናገር ጥቅስ አለ። ጥቅሱ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከእርሳስ ብረት በተሠሩ ፊደላት የተለቀመ አይደለም። ክሊምት ራሱ እንደ ሥዕሉ ሣለው። ጥቅሱን ቢያነሱት ሥዕሉ ይጎድላል።

አሠራራቸውም ከተለመደው የወጣ ነበር። ቋሚ አዘጋጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። የዲዛይኑን ኃላፊነት አባላቱ በየተራ ይይዙት ነበር። ለሥራቸውም ክፍያ አይቀበሉም። ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ እንኳ የራሱን አምጥቶ መለጠፍ አይችልም፤ ከመጽሔቱ ሠዓልያን ለአንዱ ማሠራት ነበረበት። የገጹ መልክ እንዳይበላሽ ነው። አንዱ ክፍል በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ ሌላው በሌላ ይታተማል። ቀለሙም ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ቡናማ፣ ወይራማ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ወርቃማ ነው። በስድስቱ ዓመታት ለመጽሔቱ ተብለው የተሠሩት ሥዕሎች 471 ናቸው። በእንጨት ተቀርጸው የታተሙት 216፣ የሊቶግራፍ (የድንጋይ ሕትመት) እና የመዳብ ሕትመቶቹ 55 ደርሰዋል።

የፊደሉን ነገር ለመረዳት አንድ ነጥብ ማንሳት ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። የላቲኑ አለው። ትንንሾቹ እንደ «ቢ» (b) ወደ ላይ፣ እንደ «ፒ» (p) ወደ ታች እግርና አንገታቸውን ይዘረጋሉ። ትልልቆቹ ግን ሁሉም ቁመታቸው እኩል ነው። የማኅበሩ አባል ኮሎማን ሞዘርና የሽፋኑ ሠሪ ሮለር በእነዚህ በትልልቆቹ ተጠምደው ነበር። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ፊደላትን ደርድረው አንድ ጥቅጥቅ ያለ ሳጥን ይሠራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ጌጥ ነው፤ ጠጋ ሲሉ ቃል ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀረበው ሩዶልፍ ፎን ላሪሽ ነው። በ1899 ስለ ጌጠኛ ፊደል አንድ ሥራ አሳተመ፤ ኋላም ሞዘርና ሮለር በሚያስተምሩበት የቪየና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ላሪሽ የሚለው ቀላል ነው፦ በፊደላት መካከል ያለው ክፍተት በማስመሪያ አይለካም፣ በዓይን ይመዘናል። ሁለት ቀጥ ያሉ «አይ» (I) ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለ። «ኤል» (L) እና «ኤ» (A) በዚያው ርቀት ቢቆሙ ግን መሃላቸው ትልቅ ቀዳዳ ይከፈታል። ስለዚህ ማቀራረብ ነው። ዛሬ ሎጎ የሚሠራ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይህንኑ ሲያደርግ ይውላል።

በ1900 መጽሔቱ መልኩን ቀየረ። እስከዚያ ድረስ የውጭ አሳታሚዎች ነበሩት፤ መጀመሪያ የቪየናው ጌርላኽ ኡንት ሼንክ፣ ከዚያ የላይፕዚጉ ዜማን። ከ1900 ጀምሮ ማኅበሩ ራሱ አሳተመው። የሚታተመው ቅጂ ብዛትም ቀነሰ፣ መጽሔቱ የአባላትና የጥቂት ደንበኞች ሆነ። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ለሀብታም የሚሆን ጥበብና ለድሃ የሚሆን ጥበብ ብሎ ነገር የለም፣ ጥበብ የሁሉም ነው ሲል ፎክሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እጅ ላይ የማይገኝ ዕቃ ሆነ። ለዲዛይኑ ግን በጀው። ገበያ የሚያሳስበው ስላልነበረ እንዳሻው ሞከረ። የራይነር ማሪያ ሪልከን ግጥሞች ያወጣበት ጊዜም ይሄው ነው።

አበባና ሐረግ የበዛበት የመጀመሪያው ዘመን ወደ ካሬና ቀጥተኛ መስመር ያዘነበለውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ከውጭ የመጣው ግፊት ቀላል አልነበረም። በ1900 መጀመሪያ ሴሴሽን የጃፓን ሥዕሎችን አሳየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከስኮትላንዷ ግላስጎው አርክቴክቱ ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽና ሠዓሊቷ ማርጋሬት ማክዶናልድ መጥተው ሥራቸውን አቀረቡ። በ1901 አንድ ሙሉ ቁጥር ለስኮትላንዶቹ ተሰጠ።

የፊደሉ ሙከራ ጫፍ የደረሰው ግን በመጽሔቱ ውስጥ አይመስለኝም። ሮለር በ1902 እና በ1903 ለማኅበሩ ኤግዚቢሽኖች የሠራቸው ፖስተሮች ላይ ነው። ፊደላቱ ማዕዘናቸው የተጠጋጋ ሳጥኖች ሆነዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሳጥኑን በሚሰነጥቁት ቀጫጭን ጥምዝ መስመሮች ነው። ለማንበብ ያስቸግራል፣ እውነቱን ለመናገር። የኤግዚቢሽኑን ቀን ፈልጎ ግድግዳው ሥር የቆመ መንገደኛ ሳይበሳጭ አይቀርም። ግን ቆሟል፤ ፖስተር ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቬር ሳክሩም በ1903 ማብቂያ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ሞዘርና አርክቴክቱ ዮሴፍ ሆፍማን ከባለሀብቱ ፍሪትዝ ቬርንዶርፈር ጋር ቪነር ቬርክሽቴተ የተባለውን የዕደ ጥበብ ድርጅት መሠረቱ። በ1905 የእነ ክሊምት ቡድን ከሴሴሽንም ወጣ።

የሮለር ፊደል ከስድሳ ዓመት በኋላ ብቅ ያለው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው፦ ሳን ፍራንሲስኮ። ዌስ ዊልሰን የተባለ የፖስተር ሠሪ የሮለርን ፊደል በአንድ የኤግዚቢሽን ካታሎግ ላይ አየው። ወዲያው ለ1966 የሮክ ኮንሰርቶች ፖስተር ተጠቀመበት፤ አቅልጦ፣ አወዛውዞ፣ እሳት አስመስሎ። የሂፒዎች ዘመን ፊደል ብለን የምናውቀው እሱ ነው።

መጽሔቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ቪየና መሄድ አያስፈልገውም። የቤልቬደር ሙዚየም ቤተ መጻሕፍትና የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ስድስቱንም ዓመታት ስካን አድርገው በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ጀርመንኛ አለመቻል ብዙም አያግድም። እኔ ብሆን ከ1898 አልጀምርም፤ የ1901ን ጥራዝ ከፍቼ መጀመሪያ ህዳጎቹን አያለሁ።