ከመተማ ማሳ እስከ ፋብሪካው በር፦ ስለ ግዳጅ ሥራና ስለ ኬሚካል አደጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚነሣው ሰሊጥ ጎንደር ደርሶ ሲበጠር፣ ሲጨመቅ ወይም ለውጭ ገበያ ሲታሸግ፣ ማን እንዳረመው፣ ማን እንዳጨደውና በመጋዘን ሳለ ምን እንደተደረገበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጥያቄው ሲነሣ ከፋብሪካ ባለቤቶች ዘንድ የሚሰሙት መልሶች አብዛኞቹ ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ የመነጩ ናቸው፤ ጉዳታቸው ግን ቀላል አይደለም።

«ሠራተኛው ወዶ መጥቷል፤ ማን አስገደደው?»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣውና ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 29ኛ ስምምነት፣ አንድ ሰው በቅጣት ማስፈራሪያ ሥር ሆኖና በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ የግዳጅ ሥራ ይለዋል። ቅጣት ማለት ደግሞ ዱላ ብቻ አይደለም። ከበለሳ ወይም ከደባርቅ የወረደ ወጣት ከደላላው ጋር የተስማማበት ዋጋ ማሳ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ከጠበቀው፣ መታወቂያው ከተያዘበት፣ ለመጓጓዣና ለምግብ የወጣለት ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ከዕለት ወደ ዕለት ካደገበት፣ ደመወዙም «አጨዳው ሲያልቅ» እየተባለ ከታገደበት፣ ወዶ መምጣቱ ወዶ መቆየቱን አያሳይም። ቀብድ መስጠት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ አንድ ምልክት ብቻውንም ሁልጊዜ ማስረጃ አይሆንም። ምልክቶቹ ሲደራረቡ ግን ሰውየው መሄድ እየፈለገ መሄድ የማይችል ሆኗል ማለት ነው።

የደረሰ ሰሊጥ ፍሬው ተከፍቶ ስለሚራገፍ ቀን አይሰጥም፤ ስለዚህ ባለማሳው ሠራተኛ እንዳይሄድበት መጨነቁ ይገባኛል። መፍትሔው ግን የሠራበትን በየጊዜው በእጁ መስጠት እንጂ መታወቂያውን መያዝ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18ም ማንንም አስገድዶ ማሠራትን ይከለክላል።

«እኛ ከነጋዴ ነው የምንገዛው፤ የማሳው ጉዳይ አይመለከተንም»

እውነታው፦ በርካታ ገዢ አገሮች ይህን መልስ መቀበል ትተዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሕግ፣ በዚያ የሚነግዱና ዓመታዊ ገቢያቸው በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ቸርቻሪዎችና አምራቾች በአቅርቦት ሰንሰለታቸው ውስጥ ባርነትንና በሰው መነገድን ለማስወገድ የሚያደርጉትን ጥረት ለሕዝብ እንዲገልጹ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ገዢ ጥያቄውን ወደ ላኪው፣ ላኪው ወደ ፋብሪካው፣ ፋብሪካውም ወደ ነጋዴው ያወርደዋል።

«አቅራቢው ፈርሞልናል፤ ተቆጣጣሪም ልከናል»

እውነታው፦ ፊርማ ወረቀት ነው። ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ጉብኝትም የሚያሳየው የተዘጋጀውን ብቻ ነው። የሚጠቅመው ሠራተኛውን አለቃውና ደላላው በሌሉበት ማነጋገር፣ የደመወዝ መዝገቡን እርሱ ተቀበልሁ ከሚለው ጋር ማመሳከርና ቅሬታ ያቀረበው እንዳይባረር ማረጋገጥ ነው።

«መጋዘኑ ካልሸተተ አደጋ የለም»

እውነታው፦ ይህ እምነት ሰው ይገድላል። የነቀዝ መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው ሽታ በአመዛኙ ከጋዙ ጋር ከተቀላቀሉ ባዕድ ነገሮች የሚመጣ ስለሆነ፣ ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ይችላል። ለተመረዘ ሰው የታወቀ ማርከሻ የለውም። ስለዚህ መድኃኒት የተደረገበት መጋዘን በር ላይ መቼ እንደተደረገና መቼ መግባት እንደሚቻል በአማርኛ መጻፍ፣ በደንብ ማናፈስ፣ ከተቻለም በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችለው ጫኝ ደግሞ በቃል ይነገረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኞቹ እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል።

«አደጋውን ከገለጽን ገዢ ይሸሻል»

እውነታው፦ አደገኛ ተብሎ የተመደበ ኬሚካል 16 ክፍሎች ያሉት የደኅንነት መረጃ ቅጽ ይዞ እንዲሸጥ ዓለም አቀፉ የኬሚካሎች ምደባና ምልክት ሥርዓት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቅጹን ከሻጩ መጠየቅ የተለመደ አሠራር ነው። የሚያሸሸው፣ በሰሊጡ ላይ የመድኃኒት ቅሪት በገዢው አገር ላቦራቶሪ ሲገኝ ፋብሪካው ምን እንደተደረገበት የሚያሳይ መዝገብ ማጣቱ ነው። ያ መዝገብ መጀመር ያለበት ኬሚካሉ ከተገዛበት ቀን ነው፤ የኬሚካሉን ስም፣ መጠኑን፣ የተደረገበትን ቀንና የሠራውን ሰው ስም ይይዛል።