ቴፕ ሲበዛ የቱሪንግ ማሽን አቅም ይጨምራል?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ባጭሩ ልመልስ፦ አይጨምርም። የቱሪንግ ማሽን በሀሳብ ብቻ ያለ ቀላል ኮምፒውተር ነው፤ ቴፕ በሚባል ማለቂያ የሌለው ጥብጣብ ላይ ምልክት እያነበበና እየጻፈ ያሰላል። የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቀረበው ማሽን አንድ ቴፕ ነው ያለው። አስር ብታደርጉለትም፣ ባለ አንዱ ጨርሶ የማይፈታውን እሱም አይፈታም።

የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው። አንድ ረጅም ቁጥር፣ እንደ 12321፣ ከፊትም ከኋላም ሲነበብ ያው መሆኑን እናጣራ እንበል። ባለ አንድ ቴፑ ከዳር ዳር ሲመላለስ ይውላል፤ ቁጥሩ በእጥፍ ሲረዝም ስራው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ባለ ሁለቱ ግን ቁጥሩን ሁለተኛው ቴፕ ላይ ይቀዳና አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ እያነበበ ያነጻጽራል። ስራው የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው።

የትኛው ለእውነተኛ ኮምፒውተር ይቀርባል? ይሄ እንደምትለኩት ነገር ይለያያል። ለፍጥነት ከሆነ፣ የፈለገው የሜሞሪ ቦታ ላይ በቀጥታ የሚደርስ ሞዴል ይሻላል። ማለቂያ የሌለው ቴፕ ግን የትም ሱቅ አይሸጥም፤ የላፕቶፓችሁ ሜሞሪ ያልቃል።