ሃርፕ የአገር አርማ ሆኖ ሳለ የቢራ ምልክት እንዴት ሆነ?

በአየርላንድ ሃርፕ የተባለው ባለ ብዙ ክር የሙዚቃ መሣሪያ በፓስፖርትና በዩሮ ሳንቲም ላይ ይታያል፤ በጊነስ ቢራ ላይም እንዲሁ። «የመንግሥት አርማ ለንግድ አይውልም አይደል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው።

የንግድ ምልክትንና መሰል መብቶችን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የፓሪስ ስምምነት የአገሮችን አርማ ያለ ፈቃድ የንግድ ምልክት አድርጎ ማስመዝገብን ይከለክላል። ክልከላው ግን የሚመለከተው አርማው የተሣለበትን ቅርጽና እሱን አስመስሎ የተሠራውን እንጂ መሣሪያውን ራሱን አይደለም። በዚያ ላይ ቢራው ቀድሟል። ጊነስ ሃርፕን በ1862 እ.ኤ.አ. መጠቀም ጀምሮ በ1876 በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው፤ የአየርላንድ ነጻ መንግሥት የተመሠረተው በ1922 ነው። የሁለቱም መነሻ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው ጥንታዊ ሃርፕ ቢሆንም፣ ሥዕሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የዞሩ ናቸው።

ኩባንያው የሃርፕ ባለቤት ሆኗል ማለትም አይደለም። መብቱ በተመዘገበው ሥዕልና በሚሸጠው ዕቃ ዙሪያ የታጠረ ነው፤ ሃርፕ የሚሠራም ሆነ የሚደረድር ሰው ፈቃዱን አይጠይቅም።

ዩኔስኮ በ2019 የአየርላንድን የሃርፕ አጨዋወት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። መዝገቡ የሚያተኩረው ሙያው ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ ላይ ነው፤ መጠጥ ሻጭን አይከለክልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ክፍተት ነው፦ ሕዝብ የሚያከብረው መሣሪያ ለአልኮል ማስታወቂያ ሲውል፣ አርማውን የሚጠብቀው ሕግ የመሣሪያውን ክብር አይጠብቅለትም። ያን የሚፈልግ አገር በማስታወቂያ ወይም በቅርስ ሕጉ ለይቶ መደንገግ አለበት።