በሞተር ሳይክል ሞተር የምትሄድ መኪና ጩኸት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዝ ውስጥ መኪናውን በገዛ ጋራዡ የሚገጣጥም ሰው ብዙ ነው። ክፍሎቹን ይገዛል፣ ቻሲውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ብሎን በብሎን ይሠራታል። ኪት ካር ይሏታል። የብዙዎቹ እናት ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሎተስ ሰቨን ናት። ክፍት ናት፣ ሁለት ወንበር ብቻ አላት። ያኔ በክፍል የተሸጠች መኪና እንደ ሙሉ መኪና የግዢ ታክስ አይጣልባትም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው እቤቱ ገጣጠማት።

ኋላ ላይ ሰዎች የሞተር ሳይክል ሞተር ይከቱባት ጀመር። የሆንዳ ፋየርብሌድ በ1992፣ የያማሃ አር1 በ1998፣ የሱዙኪ ሃያቡሳ በ1999 ነው የወጡት። ሦስቱም ለዚህ ሥራ ተወዳጅ ሆኑ። ሞተሩ ቀላል ነው። ካምቢዮው እዚያው ሆዱ ውስጥ አለ። በደቂቃ እስከ 11,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይሽከረከራል። መኪናዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ 500 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ደስታዋ ልክ የለውም። ጩኸቷም እንዲሁ።

ጓደኛዬ አንዷን በአር1 ሞተር ሠርቷል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ነበርኩ። ጩኸቷን ለመቀነስ ስንደክም የሰማነው ምክር ተቆጥሮ አያልቅም። ከልብ የተሰጠ ምክር ነው፤ ብዙው ግን ስህተት ነበር። ገንዘብም ጊዜም አስወጥቶናል። ሌላው ሰው እንዳይደክምበት አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ጩኸቱ ከማርሚታው ነው። ትልቅ ማርሚታ ግጠሙ፣ አለቀ።»

እኛም መጀመሪያ የሮጥነው ወደ ማርሚታ ነው። ግን እንዲህ ያለች መኪና የምትጮኸው ከአንድ ቦታ አይደለም። ማርሚታው አለ። አየር የሚስብበት አፍ አለ። የሞተሩ አካልና ማርሾቹ አሉ። ሰንሰለቱ፣ የሚንቀጠቀጠው ላሜራና ነፋሱም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። የድምፅ ጥንካሬ የሚለካበት ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። አንዱ ምንጭ 100፣ ሌላው 90 ዴሲቤል ቢሆን ድምሩ 100.4 ነው። ባለ 90ውን ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት ማንም ልዩነቱን አይሰማም። ሁለት እኩል ምንጮች ካሉ ደግሞ አንዱን ጨርሶ ማጥፋት የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ከግዢ በፊት ፍለጋ ይቀድማል፤ ትልቁ ምንጭ የትኛው ነው?

ፍለጋው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ጭር ባለ መንገድ ላይ በአንድ ማርሽ፣ በተወሰነ ዙር ሂዱ። መጀመሪያ ነዳጁን እስከ ወለሉ እየረገጣችሁ፣ ቀጥሎ በዚያው ዙር እግራችሁን አንስታችሁ ስሙት። እግር ሲነሳ ጩኸቱ ከወደቀ ምንጩ የአየር መሳቢያው ወይም ማርሚታው ነው። ካልወደቀ ከማርሹ፣ ከሰንሰለቱ ወይም ከነፋሱ ነው። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩ በስራ ፈት ዙር ላይ ሆኖ መኪናዋ ትንከባለል። አሁን የሚሰማችሁ የነፋስ፣ የጎማና የሰንሰለት ድምፅ ነው። ቆማችሁ ስትሞክሩ ደግሞ መዳፋችሁን ላሜራው ላይ አሳርፉ። ስትጫኑት ዝም የሚል ላሜራ ካለ አንዱን አገኛችሁት።

«ቆማ ስትለካ ካለፈች፣ አለፈች።»

ይህችን በጭንቀት ነው የተማርናት። እንግሊዝ ውስጥ ሰው መኪናውን ወደ ውድድር ሜዳ ወስዶ እንደ ልቡ የሚነዳባቸው ቀናት አሉ። ጠዋት በር ላይ መኪናዋ ቆማ ትለካለች። መለኪያው ከማርሚታው አፍ ግማሽ ሜትር ይርቃል፣ በ45 ዲግሪ ይያዛል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙሩ ሦስት አራተኛ ላይ ይያዛል። ሞተሩ እስከ 12,000 የሚዞር ከሆነ 9,000 ላይ ማለት ነው። ገደቡ እንደ ሜዳው ይለያያል፤ ከ98 እስከ 105 ዴሲቤል ባለው ውስጥ የሚወድቀው ብዙ ነው።

ጠዋት አለፍን። ደስ አለን። ከሰዓት በኋላ በሜዳው ዳር የተተከለው ሌላው መለኪያ ያዘንና ባንዲራ ተውለበለበብን፤ ውጡ።

ምን ተፈጠረ? መኪና ቆማ ስትለካ ሞተሩ ሸክም የለበትም። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር የሚከፈተው ትንሽ ነው። መለኪያውም የተጠጋው ለማርሚታው ነው። ሜዳው ላይ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሞተሩ አየር ሲጎትት የሚያሰማው ድምፅ ያኔ ነው የሚወጣው። የእኛ ጥፋተኛ ማርሚታው አልነበረም። የአየር መሳቢያው ነበር።

በስልክ ለሚለካ ሰው አንድ ቃል፦ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ንባቡ እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ለኩ፣ ርቀቱን በገመድ ለኩ። ስልኩ ትናንትናን ከዛሬ ለማወዳደር ይጠቅማል። ለፈተና ግን አትተማመኑበት።

«የሞተር ሳይክሉ የአየር ሳጥን ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም።»

የኪት ካር ኮፋኖ ዝቅተኛ ነው። ሞተሩ ሞተር ሳይክሉ ላይ ሳለ ከላዩ የነበረው ትልቅ ፕላስቲክ ሳጥን አይገባም። ስለዚህ ብዙ ሰው ይጥለዋል። በምትኩ ሞተሩ አየር በሚስብባቸው አራት አፎች ላይ የስፖንጅ ፊልትሮ ያለብሳል።

ሳጥኑ ግን ሥራ ነበረው። በውስጡ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ የአራቱን ሲሊንደር ትንፋሽ ያለሰልሳል። አፉም ጠባብና ወደ ተመረጠ አቅጣጫ የዞረ ነው። የፋብሪካው መሐንዲሶች መጠኑን ከሞተሩ ጋር አስማምተው ነው የሠሩት። ሲጣል ጩኸቱ በቀጥታ ይወጣል፤ አንዳንዴ በመካከለኛ ዙር የነበረው ጉልበትም አብሮ ይሄዳል።

እኛ ከአልሙኒየም ላሜራ አዲስ ሳጥን ሠራን። የቻልነውን ያህል ሰፊ አደረግነው። አንድ አፍ ብቻ ሰጠነው፤ ወደ ፊት፣ ከሾፌሩ ርቆ። የሳጥኑ ግድግዳ ቀጭን ስለነበር መጀመሪያ እሱ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከውስጥ የጎድን አጥንት የሚመስሉ ማጠናከሪያዎች ስንጨምርለት ጸጥ አለ። በቀጣዩ የሜዳ ቀን እስከ ማታ ነዳን።

«ጸጥ ያለ ማርሚታ ጉልበት ይበላል።»

ጠባብ ማርሚታ ይበላል። ጸጥ ያለ ሁሉ ግን ጠባብ አይደለም። ጋዙ ቀዳዳ በበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ ዙሪያው ደግሞ ሙቀት በሚችል የመስታወት ሱፍ ይታጨቃል። መንገዱን የሚዘጋው ነገር የለም። ድምፁን የሚውጠው ሱፉ ነው። እንዲህ ያለው ማርሚታ ረዝሞና ወፍሮ ሲሠራ ጉልበት ሳይነካ ብዙ ይቀንሳል። የሞተር ሳይክሉን ትንሽ ማርሚታ እንዳለ መግጠም ግን አያዋጣም። ያ ለ200 ኪሎ ሞተር ሳይክል ነበር የተሠራው። መኪናዋ ከእጥፍ በላይ ትመዝናለች፤ ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ይሠራል፤ ሙቀቱ ሱፉን ቶሎ ይጨርሰዋል።

የእኛን ሪቬቶቹን በስተን ከፍተነው ነበር። ነጭ ሆኖ የገባው ሱፍ መግቢያው አካባቢ ጨርሶ የለም። የቀረው ጥቁር፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚበተን ነገር ሆኗል። ማርሚታው ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። በውስጡ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነበር። አዲስ ማርሚታ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ክፈቱት። ሱፍ መለወጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሱፍ በደንብ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በረጅም መንገድ ላይ ራስ የሚያዞረው ወፍራም እምምታ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። በ6,000 ዙር በሴኮንድ 200 ጊዜ ማለት ነው። 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 500 ሜትር ያህል ይጓዛል። 500ን ለ200 ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሜትር ይሆናል። ሩቡ 62 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከዋናው ቱቦ ጎን ይህን የሚያህል ጫፉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ቢበየድ፣ ሞገዱ ገብቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ያጠፋዋል። በዝጉ ቅርንጫፍ ውስጥ ጋዙ ስለሚቀዘቅዝ እውነተኛው ልክ ትንሽ ያጥራል። መጀመሪያ ርዝመቱ የሚስተካከል አድርጎ መሞከር ይሻላል። የሚሠራው ለዚያ ዙር አካባቢ ብቻ ነው፤ ግን ሰዓታት የምትነዱት በዚያው ዙር ከሆነ ዋጋ አለው።

ማርሚታ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ጨርቅ ደግሞ የሙቀት ነው እንጂ የጩኸት መድኃኒት አይደለም።

«በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ባለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ ስፖንጅ ከለጠፉ ይበቃል።»

ሦስት የተለያዩ ሥራዎች እዚህ ይደባለቃሉ። ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል፤ ቀጭን ከሆነ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅ እንዳያልፍ የሚያግደው ክብደት ነው። የግድግዳው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር በግምት 6 ዴሲቤል ይታገዳል። ላሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው ደግሞ የሚጣበቅ የላስቲክ ወይም የሬንጅ ምንጣፍ ነው። እሱን ሙሉውን ላሜራ ማልበስ አያስፈልግም። መሃሉ ላይ፣ በጣም በሚንቀጠቀጥበት ቦታ አንድ ቁራጭ ብዙ ይሠራል። በጣታችሁ ላሜራውን ኳ አድርጉት። ከበሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ምንጣፉ የሚለጠፈው እዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቀዳዳዎቹን ድፈኑ። የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት፣ ገመዶች የሚያልፉበት፣ ፔዳሎቹ ሥር ያለው ክፍተት። ከግድግዳው ስፋት አንድ በመቶው ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው ምንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ አያግድም። ማርሚታ አጠገብ ተራ የቤት ስፖንጅ ደግሞ በፍጹም አታድርጉ። ቤንዚንና ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ ይቀጣጠላል።

«ሞተሩ ሞተር ሳይክሉ ላይ በብሎን ጥብቅ ተደርጎ ነው የታሰረው፤ እዚህም እንደዚያው።»

ሞተር ሳይክል ላይ ሞተሩ የአካሉ አጥንት ነው። ኪት ካር ላይ ሸክሙን የሚችለው የብረት ቱቦው ቻሲ ነው። ስለዚህ የላስቲክ ሱፖርቶ መግጠም ይቻላል፤ ንዝረቱ ወደ ላሜራው መድረሱ ይቀንሳል። ግን ሞተሩ መወዛወዝ ሲጀምር የጭስ ቱቦው ላይ መተጣጠፊያ ካልተደረገ ቱቦው ይሰነጠቃል። በሰንሰለት በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ ሱፖርቶው በጣም ከለሰለሰ የሰንሰለቱ መስመር ይዛባል፤ ሌላ ጩኸት ታመጣላችሁ።

«ወፍራም ዘይት ሞተሩን ዝም ያሰኘዋል።»

ይህኛው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሞተር ይገድላል።

የሞተር ሳይክል ሞተር፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ግጭት እንዲቀንስ ተብሎ የተዘጋጀ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት፣ ፋብሪካው ባዘዘው ውፍረት ተጠቀሙ።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ይጋደማል። ስለዚህ ዘይቱ ሞተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ እንደተኛ ይቆያል። መኪና አትጋደምም። ረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚናዎች ይደርቃሉ። ከመታጠፊያ ስትወጡ ከሞተሩ ሥር ወፍራም የማንኳኳት ድምፅ ከመጣ ያ የሚቀነስ ጩኸት አይደለም። ወዲያው አጥፉ። ቋቱ ውስጥ ዘይቱን የሚይዙ ግድግዳዎች ማድረግ ወይም ዘይቱን በሌላ ጋን የሚይዝ ደረቅ ቋት መግጠም ነው መፍትሔው። ወፍራም ዘይት ቢያንስ ለጊዜው ድምፁን ይሸፍነዋል፤ እናንተም ማስጠንቀቂያውን ሳትሰሙ ታልፋላችሁ።

«ዙሩ ከፍ ያለ ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይቻላል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ዲፈረንሻል፣ ማለትም ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን፣ ከፎርድ ሲየራ የወጣ ነው፤ በተለያየ ሬሾ ይገኛል። ሬሾው ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 6,400 ዙር የምትዞር መኪና፣ 3.92 የነበረውን በ3.14 ብትለውጡላት ወደ 5,100 ትወርዳለች። ስትነሳ ትንሽ ትከብዳለች። ረጅም መንገድ ለሚወድ ሰው ግን ከብዙ ምንጣፍ ይሻላል።

«ሄልሜት ካደረግኩ ጆሮዬ ተጠብቋል።»

ሄልሜት የተሠራው ለራስ ቅል ነው። የነፋሱን ጩኸት እንዲያውም ከሥሩ በኩል ያስገባል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ባስቀመጠው ልክ፣ 85 ዴሲቤል ላይ ለ8 ሰዓት መቆየት ይቻላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስንደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ሜዳ ላይ አንዴ ገብቶ መንዳት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የሄደ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። ጓደኛዬ አሁን የጆሮ መሰኪያዎቹን ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር በአንድ ማንጠልጠያ አስሯቸዋል። ቁልፉን ሲያነሳ እነሱም አብረው ይነሳሉ።