ፊአኽራ ማለት ምን ማለት ነው? ከአየርላንድ ቁራ እስከ ፓሪስ ታክሲ

ፊአኽራ የአየርላንድ የወንድ ስም ነው። ጥንታዊ ነው፤ ንጉሥም፣ መናኝም፣ በአፈ ታሪክ ውስጥ ወፍ የሆነ ልጅም ተጠርቶበታል። ዛሬ ግን በራሷ በአየርላንድ እንኳ ብዙ ልጅ የሚጠራበት ስም አይደለም። ከአየርላንድ ወጣ ካልን ደግሞ ነገሩ ያስቃል፤ አውሮፓ ውስጥ ይህን ስም ይበልጥ ያስታወሰው ሰው ሳይሆን በፈረስ የሚጎተት የኪራይ ሠረገላ ነው።

መጀመሪያ አጠራሩን እናስተካክል። «ፊ» ላይ ጠበቅ፣ «አ» ላይ ላላ፣ ከዚያ ከጉሮሮ የሚወጣ «ኽ»፣ መጨረሻ ላይ «ራ»። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚቸገሩት «ኽ» ላይ ነው። ፊደሉም ድምፁም ስለሌላቸው አብዛኞቹ «ፊያክራ» ብለው ያልፉታል። በግዕዝ ፊደል ግን እንዳለ ይጻፋል። ትግርኛ የሚናገር ሰው ደግሞ ከደብሊን ልጅ እኩል ይለዋል ብዬ አስባለሁ።

ትርጉሙን ስንፈልግ «ፊአኽ» የሚል የአየርላንድኛ ቃል እናገኛለን። ቁራ ማለት ነው። የስም መጻሕፍትም ብዙውን ጊዜ ፊአኽራን በዚሁ ይፈቱታል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን በአንድ ቃል አልተስማሙም። አንዳንዶቹ መጨረሻው ላይ «ንጉሥ» የሚል ቃል ተደብቋል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «የጦርነት ንጉሥ» ብለው ይፈቱታል። በዛሬው አየርላንድኛ «ፊአኽ» አደንም ዕዳም ማለት ነው፤ ልጁን «ዕዳዬ» ብሎ የሚሰይም አባት ግን ስለሌለ እሱን እንተወው።

እኛ ዘንድ ቁራ መልካም ስም የለውም። ሄዶ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን፤ ኖኅ ልኮት ሳይመለስ የቀረውን ቁራ ይዘን ነው። በጥንቱ የአየርላንድ ተረት ግን ቁራ የሚያስፈራም የሚከበርም ፍጡር ነው። የጦርነት አማልክቱ በቁራ መልክ ይመጣሉ። ጀግናው ኩኹለን ሲሞት ጠላቶቹ ለመቅረብ የደፈሩት ትከሻው ላይ ቁራ ካረፈ በኋላ ነው ይባላል። የዚህ ትዕይንት የነሐስ ሐውልት ደብሊን በሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ልጅን በቁራ መሰየም «ጦረኛ ሁን» እንደማለት ነበር።

ስሙም ለጦረኞች ወጥቷል። ዘጠኝ ታጋቾችን የያዘው ኒያል የተባለው ከፊል አፈ ታሪክ የሆነ ንጉሥ ፊአኽራ የሚባል ወንድም ነበረው። የእሱ ዘር ነን ያሉ ነገሥታት በምዕራብ አየርላንድ፣ በኮናኽት ግዛት፣ ለረጅም ዘመን ገዝተዋል። ዛሬም በስላይጎ አውራጃ ትርጉሙ «የፊአኽራ አገር» የሆነ አካባቢ አለ።

የአየርላንድ ልጆች ስሙን የሚያውቁት ግን ከንጉሡ ሳይሆን ከሊር ልጆች ተረት ነው። ሊር አራት ልጆች ነበሩት፦ ሴቷ ፊኑላ፣ ወንዱ ኤይ፣ ከዚያ መንትያዎቹ ፊአኽራ እና ኮን። እናታቸው ሞተች። እንጀራ እናታቸው ቀናችና በአስማት ወደ ዝይ መሰል ነጭ የውኃ ወፎች ለወጠቻቸው። 300 ዓመት በአንድ ሐይቅ፣ 300 ዓመት በአየርላንድና በስኮትላንድ መካከል ባለው ቀዝቃዛ ባሕር፣ 300 ዓመት ደግሞ በምዕራቡ ዳርቻ ኖሩ። ድምፃቸው ስላልተወሰደባቸው ይዘምሩ ነበር። ባሕሩ ላይ ብርዱ ሲጠና እኅታቸው ክንፏን ዘርግታ ታቅፋቸዋለች። የክርስትና ደወል በአገሩ ሲሰማ ወደ ሰውነት ተመለሱ፤ 900 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች ሆነው ማለት ነው። ደብሊን በሚገኘው የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቆመው ትልቅ ሐውልት እነሱን ያሳያል። አገሪቱ ለነፃነቷ የሞቱትን ለማሰብ ይህን ተረት መምረጧ ስሙ ምን ያህል ሥር እንዳለው ይናገራል።

አሁን ወደ መናኙ እንሂድ። ለእኔ የስሙ ዋና ታሪክ ይሄ ነው።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፊአኽራ የሚባል አየርላንዳዊ መነኩሴ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ። የሞ ከተማ ጳጳስ የነበረው ፋሮ ብሩይ በሚባል ጫካ ውስጥ መሬት ሰጠው። ገድሉ እንደሚለው የተፈቀደለት በአንድ ቀን ቆፍሮ ማካለል የቻለውን ያህል ነበር። እሱም በትሩን መሬት ላይ ሲጎትት አፈሩ ራሱ እየተገለበጠ፣ ዛፉ እየወደቀ ሄደለት። አንዲት ሴት ይህን አይታ «ጠንቋይ ነው» ብላ ከሰሰችው። ከዚያ ወዲህ ሴት ወደ ግቢው እንዳትገባ ከለከለ ይላሉ። አትክልትና መድኃኒት ዕፅ ተከለ፣ ለመንገደኞች ማረፊያ ሠራ፣ በሽተኞችን አስታመመ። በ670 ገደማ አረፈ። አካፋ ይዞ የሚሳለው ለዚህ ነው፤ የአትክልተኞች ጠባቂ ቅዱስ ሆኗል። ስሙን «ፊያክር» የሚሉት ፈረንሳዮች ኪንታሮትንም በእሱ ስም «የቅዱስ ፊያክር በሽታ» ይሉት ነበር፤ ከዚያ ይፈውሳል ተብሎ ስለሚለመን።

በዓሉ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 30። በእኛ ቀመር ነሐሴ 24 ላይ ይውላል፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዕረፍት በዓል ቀን! በሁለቱ መነኮሳት መካከል ግንኙነት ባይኖርም፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ግጥምጥሞሽ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ሌላም አለ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ በ1422 ፈረንሳይን ሲወጋ ሞተ። የሞተው ኦገስት 31፣ ከበዓሉ ማግስት ነው። ፈረንሳዮች «የቅዱስ ፊያክርን ገዳም ስላስዘረፈ ቅዱሱ ተበቀለው» ብለው አወሩ።

ሠረገላውስ ከየት መጣ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የቅዱስ ፊያክር ምስል የተሰቀለበት አንድ ቤት ነበር። ኒኮላ ሶቫዥ የተባለ ሰው እዚያ ሆኖ ሠረገላ ማከራየት ጀመረ። ሕዝቡ ሠረገላዎቹን በቤቱ ስም «ፊያክር» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቪየና ውስጥ ቱሪስት የሚያዞሩት የፈረስ ጋሪዎች ዛሬም «ፊያከር» ይባላሉ፣ ነጂውም እንዲሁ። መናኙ የታክሲ ነጂዎች ጠባቂ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ከሰው ሸሽቶ ጫካ የገባ መነኩሴ ስሙ ለከተማ ትራንስፖርት መውጣቱ ይገርማል!

ይህ ሁሉ ሲሆን አየርላንድ ውስጥ ስሙ እየጠፋ ነበር። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የአየርላንድኛ ስሞች በመዝገብ ላይ በእንግሊዝኛ ምትክ ይጻፉ ነበር። ዲርሚድ የነበረው ጄረማያ፣ ታይግ የነበረው ቲሞቲ ሆነ። ፊአኽራ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ምትክ አላገኘም። በ1893 የጌሊክ ሊግ ተቋቁሞ ቋንቋውን ማነቃቃት ሲጀምር፣ በኋላም ነፃነት ሲመጣ፣ ወላጆች አሮጌ ስሞችን ከተረትና ከገድል እየቀዱ መለሱ። ፊአኽራም አብሮ ተመለሰ፤ ሆኖም በጥቂቱ። ከሚታወቁት መካከል በ1941 የተወለደው የሙዚቃ አቀናባሪ ፊአኽራ ትሬንች አለ።

በቁጥር ስናየው ከ2007 ወዲህ በአብዛኞቹ ዓመታት የአየርላንድ አንደኛ የወንድ ስም ጃክ ነው። በ2021 ከሴቶች አንደኛ የወጣው ፊአ ነው። ሁለቱ ስሞች በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ሌላ ናቸው፤ ፊአ የዱር የሆነን ነገር ወይም አጋዘንን ያመለክታል። በአሜሪካ ፊአኽራ ከ1000ዎቹ ተወዳጅ ስሞች ዝርዝር ገብቶ አያውቅም። እኔ ጥፋቱን በስሙ ላይ አላደርገውም። አጻጻፉ ለውጭ ሰው ስለሚከብድ ዝነኛ ሰው ያስፈልገዋል። አየርላንዳዊው ተዋናይ ኪሊያን መርፊ በ2024 ኦስካር ሲያሸንፍ ኪሊያን የሚለውን ስም ዓለም ሁሉ ጠራው። ፊአኽራ እንዲህ ያለ ኮከብ ገና አላገኘም።

ደብሊን ውስጥ ልጃቸውን ፊአኽራ ያሉ ጎረቤቶች ካሏችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአየርላንድኛ ሰው ሲጠራ የስሙ መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ «ፊ» ላይ ያለው «ፍ» ጭራሽ ይጠፋል። እናትየው በመስኮት ብቅ ብላ «አ ኢአኽራ!» ብትል ሌላ ልጅ እየጠራች አይደለም፤ ያንኑ ልጅ ነው።